አረር በሥጋ ውስጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የሥጋ ምርመራ ሙያ ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ የመርማሪው ዋነኛ መሣሪያዎች ዓይን፣ እጅና ቢላዋ ናቸው። በቄራ የተሰማራ መርማሪ የምላስንና የልብን ጡንቻ ሰንጥቆ የኮሶ ትል ዕጭ ይፈልጋል፤ ንፍፊቱን ቆርጦ የነቀርሳ ምልክት መኖር አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ጉበቱን ዳብሶ ጤንነቱን ይመዝናል። በዚህ ዘዴ ስንት ሰው ከበሽታ እንደዳነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም። ይሁን እንጂ ዘዴው የተመሠረተው እንከኑ ከእንስሳው ጋር አብሮ የኖረ ነው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። እንስሳው በጤና ኖሮ በሞተባት ቅጽበት ወደ ሥጋው ስለሚገባ መርዝ ግን ዓይንም ሆነ ቢላዋ የሚመሰክረው ነገር የለም። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው በእርሳስ ጥይት የተገደለ የዱር እንስሳ ሥጋ ይህንኑ ችግር ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ጎልቶ የወጣው በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ ክፍለ ግዛት ነው። በዚያ አገር አዳኞች በተለምዶ አጋዘን ተብሎ የሚተረጎመውን ዲር የተባለውን አውሬ ገድለው፣ ከቤታቸው የተረፈውን ሥጋ ለችግረኞች ምግብ ለሚያድሉ ድርጅቶች መስጠት የቆየ ልማድ አላቸው። የቢስማርክ ከተማ ነዋሪ የሆነ አንድ ሐኪም፣ ራሱም አዳኝ ነው፣ ለዕደላ ከተዘጋጀው የተፈጨ ሥጋ መቶ የሚያህሉ ጥቅሎች ሰብስቦ በሲቲ ስካን መሣሪያ እንዲታዩ አደረገ። ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ታየ። የክፍለ ግዛቱ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በእጅ ያለው የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ እንዲወገድ ለአዳዮቹ አስታወቀ። ሥጋው ቀለሙ ያማረ፣ ሽታው ንጹሕ፣ አቀዝቃዙም የተጠበቀ ነበር፤ በቢላዋ ለሚፈርድ መርማሪ የሚያስጥል ምክንያት አልነበረውም።

የአማርኛ ተናጋሪ ከጠመንጃ አፍ የሚወጣውን አረር ሲል፣ ቃሉ የማዕድኑም ስም መሆኑን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ቋንቋው ግን ጥይትና እርሳስ አንድ መሆናቸውን አልረሳም። እርሳስ ከባድና ለስላሳ ብረት በመሆኑ ለአደን ይመረጣል። የአደን ጥይት ከላይ መዳብ ቢለብስም፣ እንስሳውን ሲመታ ተጠፍጥፎ እንዲሰፋና ቶሎ እንዲገድል ሆኖ የተሠራ ነው። በዚህ ጊዜ በተለይም አጥንት ሲያገኘው ልስላሴው ጉዳት ያመጣል፤ ከፊሉ እየተሰበረ እንደ አሸዋ፣ ከዚያም አልፎ እንደ ዱቄት ደቅቆ በጡንቻው ውስጥ ይበተናል። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በእርሳስ ጥይት የተገደሉ ሠላሳ አጋዘኖችን ሆድ ዕቃቸው ከወጣ በኋላ በራጅ አንሥቶ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከ15 እስከ 409 የሚደርስ የብረት ስብርባሪ ቈጥሯል። ሥጋው በመደበኛ ሥጋ ቤቶች ተፈጭቶ ሲታሸግም፣ ከሠላሳው የሃያ አራቱ ሥጋ ቢያንስ በአንድ ጥቅሉ ውስጥ ፍንጣሪ ተገኝቶበታል። ማለት ባለሙያው ሥጋ ሻጭ የቆሰለውን ክፍል ቆርጦ ከጣለ በኋላም የቀረ ነበረ።

በዚህ ላይ ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ። ብረት ተውጦ ሳይሟሟ በአንጀት አልፎ ቢወጣ ምን ይጎዳል? የጥናቱ አዘጋጆች መልሱን በእንስሳት ሕክምና መንገድ ፈለጉት። የምግብ መፍጫው ከሰው ጋር የሚቀራረበውን አሳማ መርጠው፣ ለአራት አሳማዎች ፍንጣሪ ያለበትን ሥጋ፣ ለማነጻጸሪያዎቹም ፍንጣሪ የሌለበትን አበሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያዎቹ የደም እርሳስ በአማካይ በዴሲሊትር 2.29 ማይክሮግራም ሲደርስ የሌሎቹ 0.63 ሆኖ ተገኘ። የጨጓራ አሲድ እርሳሱን ያሟሟዋል ማለት ነው። ከስፔን የተገኙ ጥናቶችም ድርጭትን በኮምጣጤ ማዘጋጀት እርሳሱ ከተሰባበረው ጥይት ወደ ሥጋው እንዲተላለፍ እንደሚረዳ አሳይተዋል። ምግቡን የሚያጣፍጠው አሲድ መርዙንም ያዘጋጃል።

በሰው ላይ የተደረገው ምርመራ ውጤት ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከክፍለ ግዛቱ ጋር ሆኖ በ2008 የ738 የሰሜን ዳኮታ ነዋሪዎችን ደም መረመረ። የሁሉም አማካይ መጠን 1.17 ማይክሮግራም ነበር፤ የአደን ሥጋ የሚበሉት ከማይበሉት የሚበልጡት፣ ሌሎች ምክንያቶች ከተቀነሱ በኋላ፣ በ0.30 ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ አሳሳቢ ተብሎ ይቈጠር የነበረውን 10 ማይክሮግራም ያለፈ አንድም ሰው አልተገኘም። ብዙ አዳኞች ይህን ይዘው ነገሩ ያለ ልክ ተጋነነ አሉ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም፤ በዚህ ሥጋ ታሞ ሐኪም ቤት የተኛ ሰው አልቀረበም። ሆኖም መለኪያው ራሱ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ጉባኤ ለእርሳስ አስቀምጦት የነበረውን የሳምንት የመቻያ ልክ በ2010 ሰረዘው፤ ጤናን ይጠብቃል የሚባል አዲስ ልክ ማቆም እንደማይቻልም ገለጸ። የሕፃናት ደም መመሳከሪያም በአሜሪካ በ2021 ወደ 3.5 ዝቅ ብሏል። እርሳስ በአጥንት ተከማችቶ ለዓመታት ይቈያል፤ በእርግዝና ጊዜም ከእናቲቱ አጥንት እየወጣ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ትንሽ ጭማሪ የአዋቂውን አዳኝ ላያሳስበው ይችል ይሆናል። በዕደላ ቤት የተሰለፈችው ነፍሰ ጡር ግን ሥጋውን አልመረጠችም፤ ጥይቱንም አልመረጠችም፤ ተመርምሮ የመጣ እንደሆነ አምና ነው የምትወስደው።

ሕጉም ቢሆን ለእርሷ አላሰበም። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው ደንብ በበሬ፣ በበግ፣ በአሳማና በዶሮ ሥጋ ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን የእርሳስ መጠን በኪሎ ከ0.1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲወስን የዱር እንስሳት ሥጋ ወሰን አልተደነገገለትም። በአንድ ገበታ ላይ አንዱ ሥጋ ልክ ሲኖረው ሌላው የለውም።

ስለ ካድሚየም ባጭሩ መጥቀስ ይበቃል። እርሱ ከጥይት አይመጣም፤ ከዐፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ እንስሳው ይገባና በዕድሜ ልክ በኩላሊትና በጉበት ይከማቻል። ስለዚህ መከላከያው ቀላል ነው። በፊንላንድ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነው የሙስ ጉበትና ኩላሊት እንዳይበላ ይመከራል፤ መርማሪው የአካሉን ስምና የእንስሳውን ዕድሜ ካወቀ ሥራውን ሠርቷል። እርሳስ ግን የተወሰነ ማደሪያ የለውም፤ የሚያድረው ጥይቱ በመታበት ነው።

የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ከ2008 ወዲህ ለችግረኞች የሚሰጠውን የአጋዘን ሥጋ ጥቅል በራጅ ማስመርመር ጀመረ። በቢላዋው ላይ አራተኛ መሣሪያ ተጨመረ ማለት ነው። እርምጃው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በ2010 በብሪታንያ በአደን አዕዋፍ ላይ የታተመ ጥናት የሚታየው ፍንጣሪ ተለቅሞ ከወጣ በኋላም በብዙዎቹ ሥጋ ውስጥ ከፍተኛ እርሳስ መቅረቱን አስረድቷል። ስለዚህ መርዙን ከሥጋው ለማውጣት ከመድከም ይልቅ ወደ ሥጋው እንዳይገባ ማድረግ ይሻላል፤ መንገዱም ከመዳብ ወይም ከብረት የተሠራ ጥይት ነው። ዋጋው አዳኙን ያስመርረው እንደሆነ እንጂ የሚገድል መሆኑ ተፈትኗል። ዴንማርክ በ1996 የሚበተነውን የእርሳስ ጥይት፣ በ2024 ደግሞ የጠመንጃውን ከለከለች። ካሊፎርኒያም ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ በእርሳስ ጥይት አውሬ ማደንን አቁማለች።

እነዚህ ክልከላዎች ስለማን ተብለው እንደወጡ ሲመረመር ግን የሚያስገርም ነገር ይገኛል። አሜሪካ በ1991 በውሃ ወፎች አደን ላይ እርሳስን የከለከለችው እርሳሱን እየዋጡ ስለሚሞቱት ዳክዬዎች ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 በረግረጋማ ሥፍራዎች ላይ ያደረገው ክልከላም የውሃ ወፎችን ለማዳን ነው። የካሊፎርኒያው ሕግ መነሻው ከአዳኝ የተረፈ ጥምብ በልቶ ስለሚመረዘው ኮንዶር ስለተባለው አሞራ ነው። ሰው ከአሞራው ጋር የሚበላው ከአንድ ገላ ሲሆን፣ ጥበቃው ቀድሞ የደረሰው ለአሞራው ነው። በሰሜን ዳኮታም የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሣው ስለዚሁ አሞራ ሲነገር የሰማ ሐኪም እንጂ የሥጋ መርማሪ አልነበረም።