መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?



«ሰውነቴ አሞክሳሲሊንን ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ስጡኝ» የሚል ደንበኛ ከፋርማሲ ደጃፍ አይጠፋም። ይህ ሰው አንድ ነገር ተሳስቷል። መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ ሰውነት አይደለም። ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ በቀረ ነበር። ባክቴሪያ ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከታማሚ ወደ አስታማሚ፣ ከእናት ወደ ሕፃን ይሻገራል። በዕድሜው አንዲት ፍሬ አንቲባዮቲክ ያልዋጠ ሰው መድኃኒት በማይበግረው ጀርም የሚያዘው ለዚህ ነው። ዛሬ የምናገረው መድኃኒቱን ስላልዋጠው ስለዚህ ሰውም ጭምር ነው።

ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ከሚራቡት መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋም በአጋጣሚ ይፈጠራል፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲጨርስለት ቦታው ሁሉ የእሱ ይሆናል። የሚቋቋምበትን ዘረ መልም ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ጭምር ያቀብላል። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ መድኃኒቱን ከመጠን በታች የሚወስድ ሰው ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት የሰነበተ የቀን ሠራተኛ ትንሽ ክሊኒክ ይገባል። ደሙ ይወሰዳል፤ ጥቂት ቆይቶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ይባላል፤ ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን የተባሉ አንቲባዮቲኮች ይዞ ይወጣል። ይህን ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። ድሮ የዳነ ሕመምም፣ የተወሰደ ክትባትም፣ ሌላ በሽታም «አለብህ» ሊያሰኘው ይችላል። የአንድ ጊዜ ውጤት ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ጀርሙን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳየው የካልቸር ምርመራ ነው፤ እሱ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም። ሠራተኛውን አልወቅሰውም። የቀን ገቢውን ትቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ የተታለለ ይመስለዋል። ክሊኒኩም ይህን ያውቃል። መድኃኒቱ የሚጻፈው ለበሽታው ብቻ ሳይሆን ለዚህ ስሜትም ነው።

የሌላውን አንቲባዮቲክ፣ የቴትራሳይክሊንን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም እንዲሁ የቆየ ልማድ ነው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ጀርሙ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል ብያለሁ። እጅ ማስታጠብን የመሰለ ባህል እያለን ሳሙናን የምናስታውሰው ብዙ ጊዜ ከበላን በኋላ፣ የወጡን ሽታ ለማስለቀቅ ነው። ጀርሙ ግን አስቀድሞ ከጉርሻው ጋር ገብቷል። ሕመምተኛ ስንጠይቅም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ እጁን ጨብጠን፣ ከጎኑ የተኛውንም «እግዜር ይማርህ» ብለን ጨብጠን እንወጣለን። ወጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሆስፒታል መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች የሚበዙበት ቦታ ነው። ስንገባም ስንወጣም እንታጠብ፤ ወንበር ካለ ወንበር ላይ እንቀመጥ።

አንቲባዮቲክ ለከብትም ይሰጣል። ጡቷ ታምሞ አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተቷ የእንስሳት ሐኪሙ ለወሰነው ጊዜ ለሰው መቅረብ የለበትም፤ የማንኛዋም ላም ወተት ደግሞ ይፈላ። ስለ ጥሬ ሥጋ ብናገር አዳራሹ ይበተንብኛልና ልለፈው።

ክትባትም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው የኒሞኮከስ ክትባት የሳንባ ምች የሚያመጣውን ዋና ባክቴሪያ ይከላከላል፤ ያልታመመ ልጅ አንቲባዮቲክ አይወስድም።

ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም። ባለሙያው «ይህ መድኃኒት አያስፈልግህም» ሲል ወደ ሌላ ፋርማሲ ከመሮጥ «ምን ምልክት ካየሁ ተመልሼ ልምጣ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ካዘዘ ደግሞ መጠኑንና ቀኑን እንዳለ መጨረስ፣ ጎረቤት «ትንሽ ስጪኝ» ብትልም አለማካፈል ነው። ልጅ ትንፋሽ ካጠረው፣ ጡት መጥባት ካቆመ ወይም ከደነዘዘ ግን ምንም ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።