ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «ከቁጠባችን ለወረቀትና ለእርሳስ የምናወጣው ለምንድን ነው? ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ዛሬ እንመልሳለን።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከሮሃው ላሊበላ ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉ ተመራማሪ ቆፍረው 2500 ዓመት ገደማ የሆነው ገብስና ሽንብራ አገኙ። ሸክላም ነበረበት። የሠሪው ስም ጠፋ፤ ገሉ ቀረ።

እኛ ገልን የምናውቀው ከጎረቤት እሳት መጫሪያ አድርገን ነው። የቅርስ ሠዓሊ ግን የእንስራ አፍ ስባሪ ይዛ፣ ክብ ክብ መስመር ባለው ወረቀት ላይ እያስተያየች የሙሉውን አፍ ስፋት ታገኛለች። በመሃል መስመር ታሰምርና በአንዱ ወገን የገላውን ውፍረት፣ በሌላው የውጭ መልኩን ትሥላለች። ብርሃኑ ከላይ ከግራ እንደመጣ አድርጋ ጥላውን በነጥብ ታወጣለች፤ ከሥር የልኬት መስመር ታኖራለች። ፎቶ ያልተሰበረ ማሰሮን ውፍረት አያሳይም፤ ሥዕሉ ያሳያል።

የምናስተምራት ልጅ የጀመረችው በእናቷ እንስራ ነው። ሥዕሉን ስታሳያቸው እናቷ ሳቁ፤ «ይቺን መስመር ጌጥ አደረግሻት። ጌጥ አይደለችም፤ ጣቴ ያረፈበት ነው» አሏት። ልጅቱ አጥፍታ እንደገና ሣለች። «የሸክላ ሠሪ ልጅ» መባል ስድብ ሆኖ የኖረባቸው እናት በዚያ ቀን መምህር ሆኑ።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፦ ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብለን አንምልም። የቁፋሮ ሥራ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ጀሪካን እንስራውን ከቤታችን እያስወጣው ነው። እጃቸው የሚያውቀውን ዛሬ ካልጻፍነው፣ ነገ ገሉን የሚያገኝ ሰው የሚጠይቀው አያገኝም።

ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አሮጌ ሸክላ ያላችሁ አትጣሉ፤ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደዋለ ነግራችሁ አስሥሉ። በሩዝ ማሳችሁ ስታርሱ ጥንታዊ ዕቃ ከወጣ ደግሞ አትቆፍሩ፣ አትሽጡ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አሳውቁ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።

ለጠየቁን እናታችን ምስጋናችን ይድረሳቸው። የሚቀጥለው ሥዕል የእርሳቸው ጋን እንዲሆን ፈቃዳቸውን እንጠይቃለን።