የጊታሩ ሽቦና የመሬቱ ሽቦ



በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሺንሺቾም ሆነ በአንጋጫ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ለያዘ ባለሙያ የመዘምራን ጊታር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እንግዳው አይደለም። ጊታሩ ብዙ ጊዜ ከምእመናን በተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ነው። ደንበኛውም «ፒክአፑ ተበላሽቷል፤ ለውጡልን» ይላል። ከመለወጣችን በፊት ምን መመርመር፣ ከለወጥንስ በኋላ ምን ሳናረጋግጥ ማስረከብ እንደማይገባን ጥቂት ልናገር።

ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ እጅግ ቀጭን ሽቦ በሺህ የሚቈጠር ዙር የተጠመጠመበት ዕቃ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ፣ ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. በገለጠው ሕግ መሠረት በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይኸው ጥቅል ግን የመብራት መስመራችንን ጕርምርምታም አብሮ ይለቅማል። በ1955 እ.ኤ.አ. የጊብሰን ፋብሪካ ባለሙያ ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቀማመጥ አጣምሮ፣ ጕርምርምታው እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ፣ የክሩ ድምፅ ግን እንዲደመር አደረገ።

እንግዲህ ጊታሩ ድምፅ ባጣ ጊዜ አስቀድመን የገመዱን መሰኪያ፣ መምረጫውንና የቮልዩሙን መቈጣጠሪያ እንመርምር። ቀጥሎ የፒክአፑን ሽቦ ፈትተን በመልቲሜትር እንለካው። ባትሪ የሌለው ደኅና ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ኦም ያሳያል፤ መለኪያው ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቈርጧል። ደኅናውን አውጥቶ ሌላ መሸጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው፤ ብድሩን የሚከፍለው ግን ደንበኛው ነው።

መለወጥ ካስፈለገ የሽቦዎቹን አገጣጠም በወረቀት ላይ ሥለን እንጀምር። አዲሱ ከቀረው ፒክአፕ ጋር አብሮ ሲሠራ ድምፁ ከቀጠነ፣ የሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጦ ይበየድ። የቮልዩሙ መቈጣጠሪያም በልማድ ለነጠላ ጥቅል 250፣ ለጥንድ ጥቅል 500 ኪሎ ኦም ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ግን ክሮቹ ከተወጠሩበት ብረት ወደ ጊታሩ ግራውንድ የሚሄደውን አንድ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ጕርምርምታን ይቀንሳል፤ የተጫዋቹንም እጅ ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር ያገናኛል። አምፕሊፋየሩ በሚገባ ከመሬት ጋር ከተያያዘ ጕዳት የለውም። የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ ከተሰካና በውስጡ ብልሽት ካለበት ግን 220 ቮልት እስከ ክሩ ሊደርስ ይችላል። ተጫዋቹ ክሩን እንደ ያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎን በነካ ጊዜ አደጋው ይመጣል። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ በ1972 እ.ኤ.አ. በስዋንዚ ከተማ፣ በመድረክ ላይ ሳለ ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

ስለዚህ «ጊታሩ ይነዝረኛል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ የክሩን ሽቦ ቈርጠን አንሸኘው፤ ነገሩን ሸፈንነው እንጂ አልጠገንነውም። አምፕሊፋየሩንም እንዲያመጣ እንጠይቀው። ከተቻለ ጊታሩ የሚሰካበት አዳራሽ ድረስ ሄደን በክሩና በማይክሮፎኑ መካከል ቮልት እንለካ። የመሬት መስመር ከሌለም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሳይዘረጋው እንዳይጫወቱ በግልጽ እንንገር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የለወጥነው ፒክአፕ ድምፁ ቢያምር ደንበኛው ያመሰግነናል። ያሰርነውን የመሬት ሽቦ ግን ማንም አያየውም፤ ሆኖም የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው።