ከአዲስ የወርቅ ጠቋሚ መሣሪያ ምን ይጠበቃል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው በተኙበት ጊዜ፣ የቴሌፎኑ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት ከጥቅልል ሽቦ የተሠራ መሣሪያ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄዶ ነበር። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ በሚገባ ሠርቷል። ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሲደርስ ግን ድምፁ ተምታታ፤ ከፍራሹ ሥር የብረት ሽቦ እንደነበረ የታወቀው ኋላ ነው። ሐኪማቸውም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ በማመኑ ፍለጋው በዚያው ወገን ተወሰነ፤ ጥይቱ የተገኘው ግን ፕሬዚዳንቱ በመስከረም ካረፉ በኋላ በአስከሬን ምርመራ፣ ከአከርካሪው በስተግራ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ተለውጧል፤ ችግሩ ግን በመሠረቱ ያው ነው። የአልጋውን ሽቦ ቦታ ዛሬ የወሰደው አፈሩ ነው።

አንድ አምራች አዲስ የወርቅ ጠቋሚ፣ በተለምዶ ዲቴክተር የሚባለውን፣ ሊያወጣ ነው በተባለ ቁጥር ከፈላጊዎች ዘንድ የሚሰማው ምኞት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ጠልቆ የሚያይ፣ ክብደቱ የቀለለ፣ ወርቅን ከብረት ቁርጥራጭ የሚለይ ይሁን የሚል ነው። ዋጋው በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚተመን በመሆኑ፣ በተለይ ገንዘብ አዋጥተው ወይም ተበድረው ለሚገዙ አነስተኛ አምራቾች፣ የሚሆነውን ከማይሆነው መለየት የኑሮ ጉዳይ ነው። የማዕድን ባለሙያም ምክር የሚጠየቀው በዚህ ላይ ነው።

ስለ ጥልቀት የሚነገረው ተስፋ ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል። ጥቅልሉ የሚልከው መግነጢሳዊ መስክ ከጥቅልሉ ስፋት አልፎ በራቀ መጠን በርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ይደክማል፤ በወርቁ ላይ የተቀሰቀሰው ጅረት የሚመልሰው መስክም በመመለሻው እንደዚያው ይደክማል። ስለዚህ ምልክቱ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ይቀንሳል ማለት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ምልክት 1/64 ብቻ ይሆናል። በ30 ሳንቲሜትር ላይ የሚሰማ የወርቅ ጠጠር በ33 ሳንቲሜትር ላይ እኩል እንዲሰማ ምልክቱ ወደ 1.8 ጊዜ ያህል መጠንከር አለበት። እንግዲህ «በእጥፍ ጥልቀት» የሚል ማስታወቂያ ሲነበብ ይህችን ስሌት ማስታወስ ይበቃል። ጥቅልሉን ማስፋት ለትልቅ ጠጠር ይረዳል፤ ትንሹን ግን ያስታል። ኃይሉን መጨመርም ብቻውን አያዋጣም፤ የአፈሩ ጩኸት አብሮ ይጨምራልና።

ታዲያ በእርግጥ የተሻሻለው ምንድን ነው? መልሱ አፈሩን የማንበብ ችሎታ ነው። ለዚህም አውስትራሊያ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1980 በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በኪንጎወር አካባቢ ከ27 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ «የእምነት እጅ» የተባለ ወርቅ በዲቴክተር ተገኝቶ ነበር። ይሁን እንጂ የአገሪቱ የወርቅ መሬት በብረት ማዕድን የበለጸገ ቀይ አፈር በመሆኑ፣ የዘመኑ መሣሪያዎች በብዙ ሥፍራ ያለ ማቋረጥ ይጮኹ ነበር። እነዚያ መሣሪያዎች በአንድ ድግግሞሽ ሳያቋርጡ የሚልኩ ነበሩ። በ1995 ማይንላብ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ኤስ ዲ 2000ን ሲያወጣ መንገዱ ተለወጠ፤ መሣሪያው ምት ይልካል፣ ያቋርጣል፣ በጸጥታውም ውስጥ ያዳምጣል።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ድምፆች አሉ። በወርቁ ውስጥ የተቀሰቀሰው ጅረት እንደየጠጠሩ መጠንና ቅርጽ በራሱ ፍጥነት ይሞታል። በቀይ አፈር ውስጥ ያሉት ደቃቅ የብረት ማዕድን ቅንጣቶች መግነጢሳዊነታቸውን የሚለቁት ግን በሌላ ሥርዓት ነው፤ ምልክታቸው ካለፈው ጊዜ ጋር በተገላቢጦሽ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ እንደ ወርቁ ፈጥኖ አይጠፋም። መሣሪያው በተለያዩ ቅጽበቶች ናሙና ወስዶ አንዱን ከሌላው በመቀነስ የአፈሩን ድምፅ ያጠፋል። ግሩም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ዕዳ አለበት። የመሞቻ ጊዜው ከዚህ ቅንስናሽ ጋር የገጠመ ወርቅ አብሮ ይሰረዛል። ተጠርጎ አልቋል የተባለ መሬት በሌላ የጊዜ አወሳሰን በተሠራ መሣሪያ እንደገና ወርቅ የሚሰጠው አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ጥልቀት ስለተጨመረ ብቻ አይደለም።

ትንንሽ፣ ስስ ወይም በነጭ ድንጋይ ውስጥ የተበታተነ ወርቅ ደግሞ ጅረቱ በጥቂት የሰከንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ ይሞታል። መሣሪያው ማዳመጥ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ከሆነ ወርቁ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመጪው መሣሪያ ሊጠበቅ የሚገባው ቀድሞ ማዳመጥ መቻሉና አፈሩ በየእርምጃው ሲለዋወጥ ራሱን ማስተካከሉ ነው። በክብደት ረገድ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በ2015 የወጣው ጂ ፒ ዜድ 7000 ከ3.3 ኪሎ ግራም ያላነሰ ሲሆን በ2021 የወጣው ጂ ፒ ኤክስ 6000 ግን 2.1 ኪሎ ግራም ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚያወዛውዝ ክንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወርቅን ብቻ ለይቶ የሚናገር መሣሪያ ግን የለም። ብረት መግነጢሳዊ በመሆኑ በከፊል ሊለይ ይችላል፤ እርሳስና አልሙኒየም ግን አስቸጋሪ ናቸው። የተፈጥሮ ወርቅ ከብር ጋር ተዋሕዶ ስለሚገኝ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከነጠረው ወርቅ በጣም ዝቅ ይላል፤ መጠኑና ቅርጹም እንደ እርሳስ ቁራጭ ከሆነ መሣሪያው ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከአፈር ጋር ተደባልቆ የሚገኘውንም የወርቅ ዱቄት አያየውም፤ ቅንጣቶቹ ስለማይነካኩ ጅረት አይዞርባቸውምና። እዚያ ላይ ገበቴው ዛሬም ይበልጠዋል።

በዚህ ክፍተት ገብተው አንቴና እያወዛወዙ ወርቅን ከሩቅ እናመለክታለን የሚሉ አሉ። ኤ ዲ ኢ 651 የተባለውን የይስሙላ ፈንጂ ጠቋሚ የሸጠው ነጋዴ በ2013 በለንደን ፍርድ ቤት 10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። መሣሪያው ውስጥ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ጥቅልልም ሆነ የሚላክ ምት የሌለው «ወርቅ ጠቋሚ» ከዚያ የሚለይበት ነገር የለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዶላ፣ በቤኒሻንጉልም ሆነ በትግራይ የሚሠራ አምራች ስለ አፈር የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል። በተጨማሪም ጦርነት ባለፈበት መሬት ብረትን የመለየት ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። ብረት የሚያሰማውን ድምፅ የሚያፈን መሣሪያ ፈላጊውን ከብዙ ከንቱ ቁፋሮ ያድነዋል፤ ነገር ግን ያልፈነዳ ተተኳሽ ከእግሩ ሥር መኖሩንም ሊደብቅበት ይችላል። ቦታው በፈንጂ አምካኞች ሳይፈተሽ በዲቴክተር ድምፅ ተመርቶ መቆፈር የሚያስከትለውን ለዚህ ጉባኤ ማብራራት አያስፈልግም።

ማኅበሩ በዚህ ረገድ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። በየወርቅ ወረዳው ትንሽ የመፈተኛ መደብ ተዘጋጅቶ፣ የተመዘኑ የእርሳስ ቁራጮች በ5፣ በ10፣ በ20 እና በ30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይቀበሩ። ሻጩም መሣሪያውን ይዞ ይምጣ፤ የቁራጮቹ ቦታ አይነገረው። አፈር ሲርስ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ስለሚጨምር ፈተናው አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ይደረግ፤ ውጤቱም ከአፈሩ ዓይነት ጋር ተመዝግቦ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እንዲያየው ይሰቀልለት።