ጋራው የማን ነው?



ዛሬ የምናገረው ከዚህ ከምንማርበት ዳስ በላይ ስላለው ጋራ ነው። ጥር ነው፤ አዝመራው ገብቷል፤ የምንነጋገርበት ጊዜ አለን።

ከወልድያ ወደ መርሳ ስመጣ በመኪናው መስኮት በስተቀኝ ያሉትን ጋራዎች አይ ነበር። ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ አንዱ ጋራ ቁጥቋጦ ለብሷል። ጎኑ ያለው ደግሞ ድንጋዩ እንደ አጥንት ወጥቷል። ዝናቡ አንድ ነው፤ ፀሐዩም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? ብዬ የመኪናውን ረዳት ጠየቅሁት። «ያኛው የተከለለ ነው» አለኝና ዝም አለ።

አፈር እንዴት እንደሚሄድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በኃይል ይወርዳል። ጋራው ሣርና ቅጠል ካለው ጠብታው በቅጠሉ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። ጋራው ባዶ ከሆነ ግን ጠብታው መሬቱን ይደበድበዋል። አፈሩ ይላቀቃል፤ ውሃው ይዞት ይወርዳል። ከላይ ቀጭን ቦይ የነበረው ከታች ቦረቦር ይሆናል። ከጋራው ሥር ማሽላ የዘራ ሰው፣ ጎርፍ በማሳው ላይ ድንጋይ ሲያራግፍበት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጥሩው አፈር ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ለእኛ ይቀራል።

የአፈር ባለሙያዎች ደሴ አጠገብ ማይባር በሚባል ቦታና በሌሎችም ደጋዎች ጣቢያ አቁመው የሚታጠበውን አፈር ሲለኩ ኖረዋል። በግምታቸው መሠረት ከአንድ ሄክታር የታረሰ ማሳ፣ ማለትም ከ4 ጥማድ ያህል መሬት፣ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይሄዳል። ይህም 420 ኩንታል ነው። ውፍረቱ ቢለካ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ50 ዓመት 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ይሆናል። አንድ ሰው ከአባቱ የተረከበውን ማሳ አንድ ስንዝር አጉድሎ ለልጁ ያወርሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ ከመካከላችሁ የሚያስታውሱ አሉ። የ1977ቱን ደግሞ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ከ1977 በኋላ የእርከን፣ የችግኝና ጋራ የመከለል ሥራ በጣም ሰፋ። እህሉን የሚያመጣው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ነበር። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይከፈል ነበር። ያን ጊዜ ዶማና አካፋ ይዘው የወጡ አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል።

በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ግን መንግሥት ሲዳከም፣ ኋላም ሲለወጥ፣ በወሎ በብዙ ቦታ የተተከለው ዛፍ ተቆረጠ። የተከለለው ጋራ ለከብት ተለቀቀ። ካቡም በየቦታው ፈረሰ።

ይህን በትምህርት ቤት ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ በገበሬው ተናድጄ ነበር። «የገዛ ሀብቱን እንዴት ያጠፋል?» አልኩ። እዚህ መጥቼ አንድ አባት ጠየቅሁ። እሳቸውም ሳቅ ብለው «ልጄ፣ የገዛ ሀብታችን መሆኑን ማን ነገረን?» አሉኝ። ከዚያ አጫወቱኝ። የሚከለለውን ጋራ የመረጠው ሌላ ሰው ነው። ፍየል ከገባች ባለቤቷ ይቀጣል። ሣሩን ማን እንደሚያጭደው፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው የነገራቸው የለም። በማሳው ላይ የተሠራው ካብ ደግሞ አይጥ አራባ፤ በሬ ማዞሪያም አጣበበ። ስንዴው ሲቆም ሥራው አብሮ ቆመ።

እኔም እኮ ያንኑ ስሕተት ልደግመው ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቆሜ «ጋራው ይከለል» ስል አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው «አራት ፍየሎች አሉኝ። ጨውና ሳሙና የምገዛው በእነሱ ነው። ነገ የት ላሰማራቸው?» አሉኝ። እኔም «ይሽጧቸው» አልኩ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። መልሴ የሞኝ መልስ ነበር።

ዛሬ እንዲህ ብዬ ላስተካክለው። ጋራው በሙሉ በአንድ ቀን አይከለል። ዘንድሮ ግማሹ ይከለል፤ ግማሹ ለፍየሎቹ ይቆይ። በተከለለው ውስጥ ከብት አይገባም፤ ሰው ግን ማጭድ ይዞ ይገባል። ሣሩን አጭዶ ተሸክሞ ወደ ቤት ያመጣል። ሥሩና ዘሩ በአፈሩ ውስጥ ስላለ ሣሩ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ ይነሣል። ክትክታው፣ ደደሆውና አጋሙ ይከተላሉ። ወይራ ግን ዘገምተኛ ነው፤ እሱን መትከል ይሻላል። አሁን ጋራው ጥር ላይ ለፍየል የሚሰጠው ምንድን ነው? አቧራ ነው። የታጨደ ሣር ግን ተከምሮ ለበጋ ይቆያል። ማጨድ የማይችል አቅመ ደካማም ድርሻውን ይሸጣል።

ስለ ካቡም ጥቂት ልበል። ሥራው ከጋራው ራስ ይጀመራል እንጂ ከታች አይጀመርም። ከላይ የመጣ ጎርፍ የታቹን ያፈርሰዋልና። መስመሩ በገመድና በውሃ ልክ ይያዛል። ካቡ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ይበጥሰዋል። መሠረቱ ይቆፈር፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይሁን፤ ካቡ ወደ ጋራው ትንሽ ጋደም ይበል። በማሳ ላይ ሲሆን ባለማሳው በሬ ማዞሪያውን ራሱ ያሳይ። አይጧ ቤት እንዳትሠራ ደግሞ የድንጋዩ ክፍተት በጠጠር ይጠቅጠቅ። እንዲህም ሆኖ አይጥ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ሕዝቡ ከአዝመራ በኋላ ለእርከን ሥራ በነፃ ሲወጣ ቆይቷል። ያም ሆኖ ከካቡ በላይ ያለው ጋራ ልቅ ግጦሽ ከሆነ ካቡ በጥቂት ክረምት በደለል ይሞላል። ስለዚህ የጋራው ደንብ ከካቡ ይቀድማል።

ደንብ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ቅሬ አላችሁ። ለቀብር ያልወጣ ሰው ምን እንደሚከፍል ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይገዛበታል። ቅሬን ማንም ከውጭ መጥቶ አላቋቋመላችሁም፤ ማንም መጥቶ አላፈረሰባችሁም። የጋራው ደንብ እንደዚያ ቢሆን ምን አለበት? ድሮ ደንቡን ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ እናንተ አውራ ጣት ታሳርፉበታላችሁ። አሁን ግን መጻፍ ትችላላችሁ። ማሳችሁ የይዞታ ደብተር እንዳለው ሁሉ የወል መሬትም በወል ስም ሊመዘገብ ይችላል። ወረዳው ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡት።

ማክሰኞ ማታ እዚሁ ዳስ እንገናኝ። የትኛው ግማሽ ይከለል? ሣሩ መቼ ይታጨድ? ድርሻው በቤት ይሁን በሰው? ጠባቂው ማን ነው፣ ምንስ ይከፈለው? ከብት ያስገባ ሰው ምን ይቀጣ? እናንተ ትናገራላችሁ፤ ከእናንተው አንዱ ይጽፋል። እኔ ፊደል ሲጠፋው ብቻ እረዳዋለሁ። ውሃ ልክና ገመድ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ ረቡዕ ጠዋት ከጋራው ራስ እንጀምራለን። ለባለ ፍየሎቹ እናት ከፊት ወንበር ይያዝላቸው።