የፕሮሰሰር ጉድለትና የከርነል ኃላፊነት



በዚህ ዓመታዊ ጉባኤ ፊት ቀርቤ ስለ ሙያችን አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ራሱ ስሕተት ያለበት ሆኖ ሲገኝ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሥራ ሁሉ የሚታመነው በምን ዋስትና ነው? የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

እንደሚታወቀው፣ ከመካከላችን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የተሳሳተ ውጤት ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን ጽሑፍ ነው፤ ቀጥሎም ኮምፓይለሩን ይጠረጥራል፤ ፕሮሰሰሩን ግን እንደ ሒሳብ ሕግ የማይሻር አድርጎ ስለሚቆጥረው እጅግም አይጠረጥረውም። ይህ አካሄድ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰርም እንደ ድልድይና እንደ ግድብ ሁሉ ሰው የነደፈው ሥራ ነው። የዛሬው ፕሮሰሰር በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮችን የያዘ በመሆኑ፣ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት የሚፈተንባቸው ሁኔታዎች በሥራ ላይ ሊያጋጥሙት ከሚችሉት እጅግ ያነሱ ናቸው። ታላላቆቹ አምራቾች ለየምርታቸው የታወቁትን ጉድለቶች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ዝርዝሩን ያነበበ ሰውም በብዙዎቹ ጉድለቶች ትይዩ እርማት እንዳልታሰበላቸው የሚገልጽ ቃል ተጽፎ ያገኛል።

እርማት የማይታሰብበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፕሮግራም ቢሳሳት ይታረማል፤ በሲሊከን ላይ የታተመ ንድፍ ግን አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ አይፋቅም፣ አይደለዝም። ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው በፕሮሰሰሩና በተጠቃሚው ፕሮግራም መካከል በቆመው ክፍል፣ ይኸውም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በከርነሉ ላይ ነው። ከርነል ሜሞሪን የሚያከፋፍል፣ ፕሮግራሞችን በተራ የሚያሠራ፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ የሚጠብቅ ዳኛ ነው። ይህ ዳኛ የፕሮሰሰሩን ጉድለት እንዴት እንደሚያውቅ፣ ካወቀም በኋላ እንዴት እንደሚያልፈው ለመግለጽ እሞክራለሁ። ለምሳሌነት ይበልጡን የምጠቅሰው ሊኑክስን ነው፤ ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ማንኛውም አባል ነገሩን በገዛ ዓይኑ ለማረጋገጥ ይችላልና።

አንደኛ፤ ጉድለትን ስለ ማወቅ

የመጀመሪያው መንገድ ፈተና ነው። በ1994 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ፣ በሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ፣ ከራሳቸውና ከ1 በቀር ለሌላ ስለማይካፈሉ ቁጥሮች ምርምር ሲያደርጉ የስሌታቸው ውጤት አልገጥም አላቸው። ሌላውን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ካስወገዱ በኋላ ጥፋቱ የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር መሆኑን ደረሱበት። ይህ ፕሮሰሰር ማካፈልን የሚያከናውነው በውስጡ ከታተመ ሠንጠረዥ እየተመለከተ ነበር፤ 2 ሊጻፍባቸው ይገባ የነበሩ አንዳንድ ቦታዎች ዜሮ ሆነው በመቅረታቸው፣ በጥቂት ቁጥሮች ላይ ብቻ ውጤቱ ይዛባ ነበር። ለምሳሌ 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል ትክክለኛው መልስ 1.33382 ሲሆን፣ ጉድለት ያለበት ፔንቲየም የሚሰጠው 1.33374 ነበር። ኢንቴል ስሕተቱ የሚያጋጥመው በ9 ቢሊዮን ማካፈል አንድ ጊዜ ነው ብሎ ቢከራከርም፣ በመጨረሻ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለጠየቀ ሁሉ ፕሮሰሰሩን ለመለወጥ ተስማማ፤ ለዚህም 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ።

የሊኑክስ ጸሐፊዎች ለዚህ ያዘጋጁት ፈተና ቀላልና የሚያስደስት ነው። ከርነሉ ሲነሣ የመጀመሪያውን ቁጥር በሁለተኛው ያካፍላል፣ ውጤቱን መልሶ በሁለተኛው ያባዛል፣ ከመጀመሪያውም ላይ ይቀንሰዋል። ጤናማ ፕሮሰሰር ዜሮ ይሰጣል፤ በሽተኛው ግን 256 ይላል። ፋብሪካውን፣ ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ቀን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ፕሮሰሰሩ በራሱ አንደበት ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ፈተና ሁልጊዜ አይቻልም። በ1997 በዚያው በፔንቲየም ላይ የተገኘው ሌላ ጉድለት ለዚህ ማስረጃ ነው። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ አንድ ሕገ ወጥ የሆነች አራት ባይት ትእዛዝ ጽፎ ቢያሠራ፣ ፕሮሰሰሩ ትእዛዟን ሳይቀበል ስሕተቱን ለከርነሉ ማሳወቅ ሲገባው፣ እንደ ተቆለፈ በር ድርቅ ብሎ ይቀር ነበር፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ከማስነሣት በቀር መፍትሔ አልነበረውም። ለብዙ ሰው የሚያገለግል አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ተንኮለኛ እጅ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ይህን ጉድለት በመሞከር ማወቅ ራስን በመርዝ እንደ መፈተን ነው፤ የሞከረው ከርነል ውጤቱን ለመናገር አይተርፍምና። ስለዚህ የቀረው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ከርነሉ የፕሮሰሰሩን መታወቂያ፣ ማለት የአምራቹን ስም፣ የቤተሰቡንና የሞዴሉን ቁጥር ጠይቆ ከታወቁት ሕሙማን ወገን መሆን አለመሆኑን ይወስናል።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ የብልህ ሐኪም መንገድ ነው። ኤ ኤም ዲ የተባለው አምራች ኬ6 ብሎ በሰየመው ፕሮሰሰር ውስጥ፣ በአንዱ እትም ላይ ከ32 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ ሲኖር ሥራውን የሚያውክ ጉድለት ነበረ። የታመመውና የታረመው በመታወቂያ አይለዩም ነበር። የሊኑክስ ጸሐፊዎች ግን አምራቹ ጉድለቱን ባረመ ጊዜ አንድ ዓይነት የጥሪ ትእዛዝንም አብሮ ያፋጠነ መሆኑን አስተዋሉ። ስለዚህ ከርነሉ ያንን ጥሪ አንድ ሚሊዮን ጊዜ አሠርቶ የፈጀውን ጊዜ ይለካል፤ ለእያንዳንዱ ጥሪ ከ20 የሰዓት ምት በላይ ከፈጀ፣ ፕሮሰሰሩ ከአሮጌዎቹ ወገን ነው ብሎ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። በሽታውን ሳይነካ በምልክቱ ማወቅ ይህ ነው።

አራተኛውና አዲሱ መንገድ የፕሮሰሰሩ የራሱ ቃል ነው። ከ2018 ወዲህ ኢንቴል ፕሮሰሰሩ ለየትኛው ጉድለት እንደማይጋለጥ የሚገልጽበት ልዩ ሬጂስተር አዘጋጅቷል፤ ከርነሉም ያንን ያነባል። ይሁንና መታወቂያም ሆነ ቃል ሊጋረድ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በምናባዊ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ከርነል የሚያየው እውነተኛውን ፕሮሰሰር ሳይሆን አስተናጋጁ ሥርዓት ሊያሳየው የፈቀደውን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለዚህ ሥራም ይስማማል።

ሁለተኛ፤ ጉድለትን ስለ ማለፍ

በሽታው ከታወቀ በኋላ ያሉት ዘዴዎች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። እነርሱም መጥለፍ፣ መሸሽ፣ መለየትና መዝጋት ናቸው።

መጥለፍ የምለው በ1997ቱ ጉድለት ላይ የተደረገውን ነው። ፕሮሰሰሩ ስሕተት ሲያጋጥመው ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያሳየው አንድ ሠንጠረዥ በሜሞሪ ውስጥ አለ። የሊኑክስ ጸሐፊዎች ይህን ሠንጠረዥ እንዳይጻፍበት በተከለከለ ገጽ ላይ አኖሩት። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ወደ መድረቅ ሲያመራ ከተከለከለው ገጽ ጋር ይጋጫል፤ ግጭቱም ከመድረቅ ያወጣውና ወደ ከርነሉ ይመልሰዋል። ከርነሉ ግጭቱ የደረሰበትን ቦታ ተመልክቶ የነገሩን ምሥጢር ያውቃል፤ ጥፋተኛውን ፕሮግራም ብቻ ቀጥቶ ሌላው ሥራ እንዲቀጥል ያደርጋል። አንዱን ጉድለት በአንድ የጥበቃ ሕግ መማረክ ነው።

መሸሽ ማለት ጉድለቱ የሚነሣበትን ሁኔታ አለመፍጠር ነው። በብዙ የእጅ ስልኮች ውስጥ የሚገኘው ኮርቴክስ ኤ53 የተባለው የአርም ፕሮሰሰር፣ አድራሻ የምታዘጋጅ አንዲት ትእዛዝ በ4,096 ባይት ገጽ የመጨረሻ 8 ባይት ውስጥ ስትወድቅና የተወሰኑ ትእዛዞች ሲከተሏት የተሳሳተ አድራሻ ሊሰጥ ይችላል። መፍትሔው ትእዛዟ በዚያ ቦታ እንዳትውል ማድረግ ነው። ፕሮግራሙን የሚያገጣጥመው መሣሪያ ይህን ይጠብቃል፤ ከርነሉም ተጨማሪ ክፍሎቹን ሲጭን ያንኑ ያደርጋል።

መለየት የተባለው በጥር 2018 ሜልትዳውን በሚል ስም ይፋ በሆነው ጉድለት የመጣ ነው። ፕሮሰሰሩ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ፈቃድ መኖሩን ከማረጋገጡ በፊት ወደፊት ቀድሞ ይሠራ ነበር፤ ሥራው ቢሰረዝም በካሽ ውስጥ ዱካው ስለሚቀር፣ ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ምሥጢር ከዱካው ለማንበብ ይችል ነበር። ከርነሉም የራሱን ሜሞሪ ለተጠቃሚው ፕሮግራም ከሚታየው ካርታ ላይ ከሞላ ጎደል ማንሣት ግድ ሆነበት። ካርታው በየመግቢያውና በየመውጫው ስለሚለወጥ፣ ከርነሉን አዘውትረው የሚጠሩ ሥራዎች ሁሉ ዋጋ ከፈሉ።

መዝጋት የመጨረሻው ነው። በሐምሌ 2023 ታቪስ ኦርማንዲ የተባሉት ተመራማሪ ዜንብሊድ ብለው የሰየሙትን ጉድለት ይፋ አደረጉ። በዜን 2 የኤ ኤም ዲ ፕሮሰሰሮች ላይ የአንዱ ፕሮግራም ውሂብ ለሌላው ይታይ ነበር። ከርነሉ በመጀመሪያ ፕሮሰሰሩ የታረመ ማይክሮኮድ መያዙን ይመረምራል፤ ከሌለው በአንድ የመቆጣጠሪያ ሬጂስተር ላይ አንዲት ቢት አብርቶ ጉድለት ያለበትን አሠራር ይዘጋዋል፤ ፍጥነት ቢቀንስም ምሥጢር ይጠበቃል።

ማይክሮኮድን ካነሣሁ ዘንድ፣ መድኃኒቱም ሊታመም እንደሚችል ልጨምር። በጥር 2018 ኢንቴል ያወጣው ማይክሮኮድ አንዳንድ ኮምፒዩተሮችን ሳይታሰብ እያጠፋ ያስነሣ ስለ ነበር፣ አምራቹ ራሱ ሥርጭቱ እንዲቆም አሳሰበ። ሊኑክስም የማይታመኑትን የማይክሮኮድ እትሞች ዝርዝር በውስጡ አኖረ፤ በእነርሱ ላይ የተመሠረተውን መከላከያም እንዳይጠቀም ሆነ።

ሦስተኛ፤ ዋጋውን ማን ይክፈል?

እዚህ ላይ የሙያችን የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። ጤናማው ፕሮሰሰር ስለ በሽተኛው ለምን ይዘግይ? ለዚህ የተሰጠው መልስ በእኔ አስተያየት ከከርነል ጥበብ ሁሉ የላቀው ነው። ሊኑክስ ሁለቱንም ዓይነት ትእዛዝ ይዞ ይነሣል፤ ፕሮሰሰሩን ከመረመረ በኋላ የገዛ ራሱን ጽሑፍ በሜሞሪ ውስጥ ያርማል፤ መከላከያውን በሚያስፈልገው ላይ ብቻ ይተክላል። መከላከያ በጉድለቱ ልክ መሰፋት አለበት፤ ከዚያ ከጠበበ አይከላከልም፣ ከሰፋም ያለ በደል ያስከፍላል።

ይሁን እንጂ ከ2019 ጀምሮ መከላከያዎቹን ሁሉ በአንድ የማስነሻ ትእዛዝ ማጥፋት ስለሚቻል፣ ኮምፒዩተሩ ይፍጠን ተብሎ ይህ ትእዛዝ ሲጻፍ ይታያል። ባለቤቱ የሚያምናቸውን ፕሮግራሞች ብቻ የሚያሠራ፣ ከሌላ ጋር ያልተገናኘ የስሌት ኮምፒዩተር ቢሆን ነገሩ ሊታሰብበት ይችላል። የብዙ ሰዎች ሒሳብ ወይም የታካሚዎች መዝገብ በሚገኝበት ኮምፒዩተር ላይ ግን፣ የተገኘው ፍጥነት የኛ ሲሆን የሚደርሰው ጉዳት የሌሎች ነው። ሳይጠየቁ በሌላ ሰው ንብረት መወራረድ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም።

በየመሥሪያ ቤታችን ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ቀን አይለወጡም፤ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች የዘወትር ልማድ እንዲሆኑ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሊኑክስ እያንዳንዱን የታወቀ የደኅንነት ጉድለት በስሙ ጽፎ፣ ፕሮሰሰሩ ነጻ ይሁን፣ የተጋለጠ ይሁን ወይም የተከላከለ ይሁን የሚያሳይበት መዝገብ ስላለው፣ ይህ መዝገብ በየጊዜው ይነበብ። ሁለተኛ፣ ከርነሉ የሚጭነው ማይክሮኮድ ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋና በተነሣ ቁጥር እንደ ገና የሚጫን ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ተደርጓል ተብሎ አይተው። ሦስተኛ፣ አንድ መከላከያ እንዲጠፋ ከተወሰነ፣ ማን፣ መቼና ስለ ምን እንደ ወሰነ በጽሑፍ ይቀመጥ።

የሚመጣው ዘመን ከዚህ የከበደ ሥራ ይዞ ይጠብቀናል። በ2021 የፌስቡክ መሐንዲሶች ባወጡት ጽሑፍ፣ የአንድ ፕሮሰሰር አንዱ ኮር 1.1ን ወደ 53ኛ ኃይል ከፍ አድርጎ ሙሉ ቁጥሩን ሲጠየቅ 156 ማለት ሲገባው ዜሮ ማለቱን ገልጸዋል። ይህ የንድፍ ስሕተት አይደለም፤ የአንድ ነጠላ ኮር ሕመም ነው። በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፣ በመታወቂያም አይታወቅም፣ የስሕተት ደወልም አይደውልም። ሊገኝ የሚችለው እያንዳንዱን ኮር በየጊዜው በመፈተንና የተጠረጠረውን ከሥራ በማግለል ብቻ ነው። ናይስሊ ውጤታቸው አልገጥም ባላቸው ጊዜ ነገሩን ሳይንቁ እስከ ሥሩ እንደ ተከተሉት፣ ለኛም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጉድለቱ የታወቀና የተጻፈ ፕሮሰሰር ጠባቂ ሊቆምለት ይችላል፤ ፍጹም ነው ተብሎ የታለፈውን ግን ማንም አይጠብቀውም። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ኮምፒዩተር ጉድለት ማወቅና ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ከሙያችን ግዴታዎች እንደ አንዱ እንዲቆጠር ማኅበራችንን እየጠየቅሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።