ሳርኮይዶሲስና አጋጣሚ ጠባቂ ኢንፌክሽኖች፦ ስቴሮይድ ከመጨመራችን በፊት



በሳርኮይዶሲስ ሕክምና ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ፣ አዲስ ኢንፌክሽንን የነባሩ ሕመም ማገርሸት ነው ብሎ የስቴሮይዱን መጠን መጨመር ነው።

ሳርኮይዶሲስ መንሥኤው በውል ያልታወቀ፣ በሳንባ፣ በሊምፍ ዕጢዎች፣ በቆዳና በዓይን ላይ ግራኑሎማ የተባሉ የሕዋሳት ክምችቶችን የሚፈጥር ሕመም ነው። ጠባዩ ግራ ያጋባል። በተጠቃው አካል ውስጥ የመከላከያ ሕዋሳት ይበዛሉ፤ በደም ውስጥ ግን ሲዲ 4 የተባሉት ሊያንሱ ይችላሉ። በቆዳ ላይ የሚደረገው የቱበርኩሊን ምርመራም ብዙ ጊዜ ምላሽ አይሰጥም። ስለዚህ ቲቢ በተስፋፋበት አገራችን «ምርመራው ምንም አላሳየም፤ ቲቢ የለም» ማለት አያስኬድም።

ከሁሉ ይልቅ በክሪፕቶኮከስ ላይ ልቆይ። በኤች አይ ቪ ምክንያት በሚገባ የምናውቀው ይህ ፈንገስ፣ ስቴሮይድ ወስደው በማያውቁ የሳርኮይዶሲስ ሕሙማን ላይ ሳይቀር ታይቷል። ሕመምተኛው ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ሐሳቡ ይዛባል፤ ሐኪሙም ሳርኮይዶሲሱ ወደ አንጎል ደረሰ ይላል። የሕብለ ሰረሰር ፈሳሹም ይህን ግምት አያፈርሰውም፤ በሁለቱም ሕመሞች ሊምፎሳይትና ፕሮቲን ይጨምራሉ፣ ስኳሩ ሊቀንስ ይችላል። የሚለያቸው የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ምርመራ ነው። የኤች አይ ቪ ክሊኒክ ጉዳይ አድርገን ስለቆጠርነው ግን ለማዘዝ ትዝ አይለንም።

ጠባሳና ዋሻ በተፈጠረበት ሳንባ ውስጥ አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ተከማችቶ ሊያድግ ይችላል፤ ደም ማሳል ከጀመረ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

መድኃኒቶቹን በተመለከተ፦ በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ከአንድ ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሰው፣ ኒሞሲስቲስ ከተባለው የሳንባ ምች ለመጠበቅ ኮትሪሞክሳዞል ያስፈልገው እንደሆነ ሊታሰብበት ይገባል። ኢንፍሊክሲማብ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የተደበቀ ቲቢ መፈለግ ግዴታ ነው።

ስትሮንጊሎይደስ የተባለው የአንጀት ትል ብዙ ጊዜ ይረሳል። በባዶ እግር አፈር የረገጠ ሰው ሳያውቀው ለዓመታት ይሸከመዋል፤ ስቴሮይድ ሲጀመር ትሉ ተባዝቶ በመላ አካል ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። አንድ ጊዜ የሚወሰድ አልቤንዳዞል ለዚህ ትል አስተማማኝ አይደለም፤ ተመራጩ አይቨርሜክቲን ነው።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።